እናቴ በሽንኩርት ያስጻፈችው ደብተር

እናቴ ፊደል አትለይም። ይህን ስናገር ማንም ከንፈሩን እንዳይመጥልኝ፤ እሷ ራሷ ብትሰማ «ምን ሆኜ ነው የሚታዘንልኝ?» ብላ ትቆጣለች። አዳማ ገበያ ውስጥ ሃያ ዓመት ሽንኩርትና ቲማቲም ሸጣ ያሳደገችኝ፣ ከመቂ እስከ ሻሸመኔ ያለውን ገበሬና ደላላ በስም የምታውቅ፣ በአማርኛ ስትከራከር ቆይታ አልሆን ሲላት በኦሮምኛ የምትጨርስ ሴት ናት። የማታውቀው ማንበብ ብቻ ነው። አባቴ ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ እኔና እሷ ብቻችንን ነው የኖርነው። የምታማክረውም እኔን፣ የምትጣላውም ከእኔ ጋር ነው። ሁለታችንም ቁጡ ስለሆንን ደግሞ ጭቅጭቅ ጎድሎብን አያውቅም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አንደኛ ዓመትን እንደጨረስኩ ለክረምት ቤት መጣሁ። የምንማረውን ሙያ የምንመርጠው ያኔ ነው። ስድስት የትምህርት ክፍሎችን በቅደም ተከተል ስልክ ላይ እንሞላለን፣ ውጤታችን ካደረሰን አንደኛ ያልነው ይሰጠናል። የኔ ውጤት ጥሩ ነበር፤ አንደኛ ብዬ የምሞላው ሊደርሰኝ እንደሚችል አውቃለሁ። መሙያው የሚዘጋው ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። እኔ አዳማ የደረስኩት ሰኞ ከሰዓት ነበር።

ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ እናቴ ከቁም ሳጥኑ ሥር አንድ ወፍራም ደብተር አወጣች። ሽፋኑ ተጨማዷል፣ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል።

«እንቺ። ዓመት ሙሉ የለፋሁበት ነው» አለችኝ።

«ምንድን ነው?»

«ሥራ ያለው ትምህርት የትኛው እንደሆነ ነዋ! አጣርቼልሻለሁ።»

ለካ እኔ ከሄድኩ ጀምሮ ዕቃ ልትጭን በአይሱዙ በወረደች ቁጥር፣ መቂም ይሁን ባቱ፣ አርሲ ነገሌም ይሁን ሻሸመኔ፣ ጫኞቹ የሽንኩርቱን ማዳበሪያ መኪናው ላይ እስኪደረድሩ ድረስ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ወደሚለጠፍበት ሰሌዳ ትሄድ ነበር። መቼም ሥራ የሚፈልግ ተመራቂ ከዚያ ሰሌዳ ፊት አይጠፋም። አንዱን ትመርጥና «የኔ ልጅ፣ እስቲ የተለጠፈውን በሙሉ እዚህ ገልብጥልኝ» ትላለች። ለሚጽፍላት ሁሉ ሦስት ሦስት ራስ ሽንኩርት ትሰጣለች። ልጁ ዲግሪውን በላስቲክ ይዞ፣ በሌላ እጁ ሽንኩርት ታቅፎ ሲሄድ ታየኝ። ሳቄ መጣ።

«እማ፣ ሥራ እኮ አሁን ቴሌግራም ላይ ነው የሚወጣው።»

«ቴሌግራም ላይ ሰው ይታያል?»

«ምን ሰው?»

«ሥራ ፈላጊው ነዋ! እኔ አይቼ ያላመንኩትን ነገር አልገዛም።»

የደብተሩን ሽፋን ስገልጥ የሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ በሷ እጅ በተሠሩ ሥዕሎች ተሞልቷል። ለሲቪል መሐንዲስ ቤት ስላለች፣ ለነርስ መርፌ፣ ለእንስሳት ሐኪም ሁለት ቀንድ፣ ለግብርና ቅጠል። ሽንኩርት ስትረከብ ማዳበሪያ በጭረት እንደምትቆጥረው፣ ያስጻፈችውን የሥራ ስም መልሳ እያስነበበች በእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ጭረት አስምራለች። ከቤቱ ሥር ያለው ጭረት መስመሩን ጨርሶ ወደ ጎን ዞሯል።

«አካውንቲንግማ አንደኛ ነበር» አለች በቅሬታ። «አንቺ ግን አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ የተፈጥሮ ሳይንስ ብለሽ በሩን ዘጋሽብኝ። ከቀረው ቤት የሚሠሩት ናቸው የሚበልጡት። አንደኛ እሱን ትሞያለሽ፣ አለቀ።»

«የኔን ሕይወት በጭረት ነው የምትወስኚው?»

«እና በምን ልወስነው? በሕልም?»

ተናድጄ ደብተሩን አልጋው ላይ ወረወርኩት። አነሳችው፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርጋ መልሳ ትራሴ ሥር አስቀመጠችው። እናቴ ዝም ስትል ከጩኸቷ ይብስብኛል፣ እራቴን በቅጡ አልበላሁም።

እውነቱን ለመናገር ምን መማር እንደምፈልግ አላውቅም ነበር። ዶርም ውስጥ ሁሉም የሚያወራው ስለ ምህንድስናና ስለ ጤና ነው። ግብርና የሚባለውን ሁላችንም የመጨረሻው ቁጥር ላይ ልንወረውረው ተስማምተናል፤ ከኛ አንድ ዓመት ቀድማ ግብርና የደረሳት ልጅ ታለቅሳለች፣ እኛም ልናጽናናት አልጋዋ ዙሪያ እንሰበሰባለን። ኬሚስትሪና ባዮሎጂ እወዳለሁ። ግን መውደድ ሥራ ይሆናል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ የምመልሰው የለኝም። ስለዚህ የእናቴ ቤት፣ ያ ጭረቱ የበዛው፣ መጥፎ ምርጫ አልመሰለኝም። ያናደደኝ ራሴ አለመምረጤ ነው።

ማክሰኞ እሷ ገበያ ስትወጣ ደብተሩን እንደ ዋዛ ከፈትኩት። መጀመሪያ ያየሁት የጽሕፈቱን ብዛት ነው። አንዱ ገጽ በሚያምር እጅ፣ ሌላው በጥድፊያ፣ ሌላው በኦሮምኛ፣ ሌላው በእንግሊዝኛ። ከዚያ ትልልቅ ቃላቱ ሥር ደቃቅ ጽሑፍ እንዳለ አስተዋልኩ። ማስታወቂያውን የገለበጡት ልጆች ለኔ ጽፈውልኝ ኖሯል። ለካ እናቴ ለሁሉም «ለልጄ ነው፣ ምን እንደምትማር ልትመርጥ ነው» ትላቸው ነበር።

የመጀመሪያው «ሲቪል መሐንዲስ፣ የሥራ ልምድ አራት ዓመት» ይልና ከሥሩ «እህቴ፣ እኔም ሲቪል ነኝ። እዚህ ሰሌዳ ጋ መመላለስ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። አራት ዓመት ልምድ ከየት እንደሚመጣ የነገረኝ የለም» ይላል።

ቀጥሎ አንዱ ቀልደኛ «ባክሽ ሲቪል አትሙይ። እንቢ ካልሽ ግን እዚሁ ሰሌዳ ጋ እንገናኛለን፣ ቦታ እይዝልሻለሁ» ብሏል። ሳቅሁ። ገጹን ስገልጥ ሳቄ ቀረ። አንዲት ልጅ ስልክ ቁጥሯን ጽፋ «እናቴ፣ ልጅዎ ስታነብልዎ፣ በሚዞሩበት ከተማ ሁሉ የጉልበትም ቢሆን ሥራ ካዩ ይደውሉልኝ» ብላለች። እንደሷ ቁጥራቸውን የተዉ ሌሎችም አሉ። እናቴ ይህን ሁሉ ልመና በዘንቢል ይዛ ከከተማ ከተማ ስትዞር፣ ምን እንደያዘች አታውቅም።

አንዱን ግን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። «ባለፈው የሰጡኝን ሽንኩርት እናቴ ወጥ ሠራችበት። ከተመረቅሁ ወዲህ ይዤ ቤት የገባሁት ነገር እሱ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።»

ደብተሩን ዘጋሁና አለቀስኩ። ወረወርኩት እኮ! ትናንት ይህን ነው አልጋ ላይ የወረወርኩት።

አሁን ጭንቀቱ ሌላ ሆነ። እናቴ ዓመት ሙሉ የለፋችበት ደብተር ከሽፋኑ ላይ አንድ ነገር ይላል፣ ከውስጡ ደግሞ ተቃራኒውን። ብነግራት ልፋቷ ገደል ገባ። ዝም ብዬ ሲቪል ብሞላ ደግሞ እኔም ያ ልጅ ቦታ የሚይዝልኝ ሰሌዳ ፊት ነኝ። ማክሰኞም ረቡዕም ራሴን አመመኝ እያልኩ ተኛሁ። እሷ ከገበያ በገባች ቁጥር «ሞላሽ?» ትላለች። «ነገ» እላለሁ። ሐሙስ «ነገ የሚባለው ቀን ስንት ነው ያለው?» አለችኝና ትኩስ አጥሚት አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠች። ተቆጥታም እንደዚህ ናት።

ዓርብ ጠዋት ገበያ ልትወጣ ነጠላዋን ስታጣፋ «እማ፣ ተቀመጪ። ደብተርሽን ላንብብልሽ» አልኳት።

«እኔ ያስጻፍኩትን ለኔ ልታነቢልኝ?»

«ያላስጻፍሽውም አለበት።»

አነበብኩላት። በሦስተኛው ገጽ ነጠላዋን መልሳ አወለቀች። ጽሑፉ የማን እንደሆነ ከኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች፤ «እሱ መነጽር ያለው ነው፣ የባቱው»፣ «እሷ ጠይሟ ናት፣ ጫማዋ የተቀደደው» ትላለች። መጻፍ ስለማትችል ሁሉንም በራሷ ውስጥ ነው የያዘችው። የሽንኩርቱ ወጥ ጋ ስደርስ እጄን ያዘችኝ።

«ቁጥራቸውን ጽፈውልኛል አልሽ?»

«አዎ።»

«ዓመት ሙሉ አደራ ሲሰጡኝ እኔ እንደ ዕቃ ተሸክሜው እዞራለሁ! አይ እኔ! ደንቆሮ!»

«እማ፣ እንደዚህ አትበይ።»

«እላለሁ! ለኔ እኮ ነው የጻፉት!»

እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ለረጅም ጊዜ ሽፋኑን፣ ያንን ቤትና ከሥሩ ያለውን ጭረት አየች። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ተናገረች።

«ይኼ እኮ ያ የሽንኩርቱ ዓመት ነው።»

ገባኝ። አሥር ዓመት ሳይሞላኝ የሆነ ነው። አንድ ዓመት ሽንኩርት ተወደደና በቀጣዩ መቂም ቆቃም ገበሬው ሁሉ ሽንኩርት ተከለ። ሲደርስ የሚያነሳው ጠፍቶ መንገድ ዳር ተከምሮ በሰበሰ፣ ሰው አፍንጫውን ይዞ ነበር የሚያልፈው። እናቴ የዚያን ዓመት ክስረት እስከ ዛሬ ታወራለች።

«የሚፈለገውን ቆጠርኩ እንጂ የተከለውን አልቆጠርኩም» አለች። «እኔ! ሃያ ዓመት ነጋዴ የሆንኩት! ሰሌዳው ፊት ቆመው ሳያቸው አይቻለሁ እኮ። ቤት የሚሠራው ጋ ይጋፋሉ። አላሰብኩትም።» ከዚያ ቀና አለች። «ባቱ አንድ ወረቀት ነበር። ቢጫ፣ አረንጓዴ ማኅተም ያለው። ስሄድም አለ፣ ስመለስም አለ፣ ፀሐይ አንጥቶት እንኳ አልተነሳም። ፊቱ የሚቆም ሰው አልነበረም። አንዴ አስጽፌው ከዚያ አሮጌ ነው ብዬ ተውኩት። ፈልጊው።»

ፈለግሁ፣ አገኘሁት። «የድኅረ ምርት አያያዝ ባለሙያ። ብዛት ሁለት። የሥራ ልምድ አይጠይቅም።» የኛ ዩኒቨርሲቲ ምርጫ ላይም አለ፤ ግብርና ሥር፣ ማንም የማይነካው ቦታ።

«ምን ማለት ነው?»

«ምርት ከተሰበሰበ በኋላ እንዳይበላሽ እንዴት ይያዛል የሚል ትምህርት ነው። እህል፣ ፍራፍሬ... ሽንኩርት።»

ፊቷ ተለወጠ።

«ሽንኩርት እንዳይበሰብስ ለመማር ዩኒቨርሲቲ? እኔ አላስተምርሽም?»

«ኬሚስትሪ አለው፣ ባዮሎጂ አለው፣ እኔ ደግሞ...»

«ከሽንኩርት ላወጣሽ ነው እኮ ይኼን ሁሉ የለፋሁት! እጅሽ እንደኔ እንዳይሸት! የፈለግሽውን ተማሪ፣ ሽንኩርት ግን በቃ!» ብላ ተነሳች፣ በሩን ድርግም አድርጋው ሄደች።

እኔም ተናደድኩ። ስልኬን አውጥቼ ሲቪል ብዬ ሞላሁ። እልህ ነው። «ላክ» የሚለውን ልጫን ስል ያ «ቦታ እይዝልሻለሁ» ያለኝ ልጅ ትዝ አለኝና ተውኩት። ስልኩን ኪሴ ከትቼ እኔም ወደ ገበያ ሄድኩ።

ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር። ከሱቋ ጀርባ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ አንድ ማዳበሪያ ሽንኩርት ዘርግፋ ትለቅማለች፣ ደህናውን ወደ ቀኝ የበሰበሰውን ወደ ግራ። ድንጋይ ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና አብሬያት መልቀም ጀመርኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሥራ ነው፣ እጄ ራሱ ያውቀዋል። ግማሹን ጨረስን።

ከዚያ አንድ ሽንኩርት አነሳች። ላዩ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ምንም የሌለበት ነው። አንገቱን በአውራ ጣቷ ጫን ስታደርገው ሰመጠ።

«ይኸውልሽ። ላዩ ደህና ነው። ውስጡ ሞቷል። ሃያ ዓመት አየሁት፣ ለምን ከውስጥ እንደሚጀምር አላውቅም። ገበሬው አያውቅም። ደላላው አያውቅም።» ዞር ብላ አየችኝ። «እዚያ ይኼን ያስተምሩሻል?»

«ይመስለኛል።»

«አንቺ አሁን ታውቂዋለሽ?»

«አላውቅም።»

ሽንኩርቱን ወደ ግራ ወረወረችው። እናቴ ስትለሰልስ ነው በኦሮምኛ የምትጠራኝ፣ «ልጄ» ለማለት።

«ኢንተላ ኮ፣ በይ ሂጂና ተምረሽ ንገሪኝ።»

በሽንኩርት እጄ ስልኩን አውጥቼ እዚያው ድንጋይ ላይ የምርጫ ቁጥሮቹን ቀያየርኩና ድኅረ ምርትን አንደኛ አደረግሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሁለት ሰዓት ሲቀረው ላክሁት። «ሄደ?» አለችኝ። «ሄደ» አልኳት። «እጅሽን ታጠቢ፣ ስልኩ ይሸታል» አለችና ወደ ለቀማዋ ተመለሰች።

በዚያው ሳምንት ደብተሩ ላይ ወዳሉት ቁጥሮች ሁሉ አስደወለችኝ። «ዘግይቼ ነው ያነበብኩት፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» ነበር የመጀመሪያ ቃሏ፤ ዘግይቼ አነበብኩ ስትል እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ሥራ የላትም የምትሰጠው። ግን ከዚያ ወዲህ ሰሌዳ ጋ ስትቆም የምታስጽፈው ለነሱ ሆነ፤ እኔ ትምህርት ላይ ስሆን የጎረቤት ልጅ እያስደወለች «ሻሸመኔ ነርስ ይፈልጋሉ፣ ቶሎ ድረሺ» ትላለች። ጫማዋ የተቀደደው ጠይም ልጅ በዚህ መንገድ ሥራ አገኘች። ብዙዎቹ አላገኙም።

ስለ ራሴ እውነቱን ልናገር፤ ስመረቅ ያ ቢጫ ወረቀት የለም። እኔም ከባቱ ሰሌዳ ፊት በፀሐይ ቆሜያለሁ፣ ከግማሽ ዓመት በላይ። እናቴ አንድ ቀን እንኳ «እንዲህ አላልኩሽም?» አላለችኝም፤ አፏን እንደማውቀው ይህ ተአምር ነው። በመጨረሻ መቂ አጠገብ የገበሬዎች መጋዘን ውስጥ ተቀጠርኩ። ሽንኩርቱ ለምን ከውስጥ እንደሚጀምር ለጠየቀችኝ ግን መልሱን ቀደም ብዬ ነግሬያት ነበር፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ከዩኒቨርሲቲ ደውዬ። አንገቱ ሳይደርቅ ተቆርጦ ማዳበሪያ ውስጥ ሲገባ በሽታው በአንገቱ በኩል ወደ ውስጥ እንደሚወርድ፣ ስለዚህ መጀመሪያ አንገቱ እስኪደርቅ በጥላ ሥር አየር ማግኘት እንዳለበት አስረዳኋት። «በአንገቱ ነው ለካ» አለች በቀስታ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ይኼን ለመናገር ነው ዓመት ሙሉ የፈጀብሽ?» ብላ ሳቀች። በማግስቱ መቂ ወርዳ የምታውቀውን ገበሬ ሁሉ «ልጄ እንዳለችው» እያለች ስትመክር ዋለች አሉ።

ሥራ የጀመርኩ ቀን አብራኝ ልትሄድ ተነሳች። ሽንኩርት ልጭን ነው ብላ ነው፤ የሚጫን ሽንኩርት እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን። በአይሱዙው ጋቢና ጎን ለጎን ተቀመጥን። ቆቃን አልፈን ውሃው ወደ ኋላችን ሲቀር ደብተሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«እማ፣ እስከ ዛሬ ያላነበብኩልሽ አንድ አለ። የመጨረሻው ገጽ። የሻሸመኔው።»

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«አፍሬ ነው።»

አነበብኩላት። «እህቴ፣ እናትሽ ዛሬ ከጠዋት እስከ ቀትር እዚህ ፀሐይ ላይ ቆመው አስጻፉኝ። አረፍ ይበሉ ብላቸው እንቢ አሉ። ሌላ ምክር የለኝም። የፈለግሽውን ተማሪ፣ ግን ቶሎ ወስኚና እሳቸውን አታስቁሚያቸው።»

ሾፌሩ ሬዲዮውን ቀነሰ። እናቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ጉልበቷን በመዳፏ ታሻለች።

«ውሸቱን ነው» አለች በመጨረሻ። «ተቀምጬ ነበር።»